ሞዴል ሃያ ሁለት

አዳማ ገና ናዝሬት ሳለች፣ ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ፣
የጋራዡ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ነዶ፣
የንብረት ክፍሉ ሹም እኔ ነበርኩ፣ ቁልፍ ያዥ፣
ብቻዬን የባዶ መደርደሪያ ገዥ።
ገቢው በአሥራ ዘጠኝ፣ ወጪው በሃያ ሁለት፣
በካርቦን አራት ቅጂ፣ ማኅተም በየዕለት።
ጦርነቱ ሲጀመር "ውሰድ!" ነበር ቃሉ፤
በስምንተኛው ዓመት "ምን ቀርቷል?" ይላሉ።

ሃምሳ አለቃ ጉደታ፣ የቦኩ ተወላጅ፣
ብሎን በጥርሱ ይዞ፣ የብረት አዋላጅ።
ሦስት ኡራል ተጎትተው ከግንባር ሲገቡ፣
አንዱ ዓይኑ የፈሰሰ፣ አንዱ የተበሳ ልቡ፣
አንዱ ደህና መሳይ፣ ወንበሩ ብቻ ጠቁሮ፣
ደብዳቤ ይከተላል፣ በቀይ ማኅተም ታስሮ፤
"ከሦስት አንድ ይውጣ።"

ከዚህኛው ራዲያተር፣ ከዚያኛው ማርሽ ይፈታል፤
የፍሬን ዘይት ሲያልቅ ሳሙና በውሃ ይመታል፤
ከመነዳሪ ሲጠፋ፣ የወንጂ አገዳ ገለባ
በዱላ ተጠቅጥቆ ጎማው ሆድ ውስጥ ሲገባ፣
አንድ ማለዳ ሞተሩ ያስላል፤ ጥቁር ጭሱን ነፋሱ
አንሥቶ ወስዶ የጋሪ ፈረስ ያስደነብራል በሱ።
"ሰሌዳው የማን ይሁን?" አልኩት፣ ብዕሬን አንሥቼ።
"በመጨረሻ የሞተውን ጻፊ።"
ጻፍኩ።

ቀጥሎ የመጣው ጫማ ነው፤
ከሆስፒታል በጆንያ፣ በሌሊቱ ባቡር፣
ታጥቦ፣ ግን ከስፌቱ ሥር ያልለቀቀ አፈር።
ቶሌራ ጫማ ሰፊው ከአሮጌ ጎማ ሶል ቆርጦ
ይመታበታል፣ ደመወዙ በስኳር ተለውጦ።
ውስጡ በመርፌ የተወጋ ስም ይኖራል።
ስም አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ቁጥር ነው።
አንዱን አርባ ሁለት ግን አወቅሁት፤
ምላሱ ላይ መስቀለኛ ስፌት ነበረው።
ሦስቴ ሰጥቼው ሦስቴ ተመለሰ፤
ባለቤቶቹ አይደሉም፣ እሱ።

እስከዚያ ድረስ ያ ደብዳቤ ለብረት ብቻ መስሎኝ፣
አንድ ቀን መቶ አለቃው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነገረኝ፦
"ሦስት ሻለቃ ነበርን። አንድ ሻለቃ ሠራን።"
ልክ ጉደታ ስለ ማርሽ በሚያወራበት ድምፅ።
ወጥ ቤቱ ጭልፋውን አስረክቦ ለጠመንጃ ፈረመ፣
ጥሩምባ ነፊው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ በወረፋ ቆመ፤
በኋላም ጉደታ፣ አንድ ዓይኑ ሞራ የለበሰ፣
ሾፌር ጠፍቷልና፣ በገዛ እጁ ሥራ ላይ ተቀምጦ ገሠገሠ።
"ፍሬኑን ሁለቴ ርገጥ" አልኩት፣ ለቀልድ።
አልሳቀም።

ከዚያ ልጆቹ። ከቀበሌ፣ በገልባጭ መኪና።
"ቁጥርህ?"
"ሠላሳ ስምንት።"
ሠላሳ ስምንት የሚባል ጫማ መንግሥት አሰፍቶ አያውቅም።
ባለ መስቀለኛ ስፌቱን አወረድኩ፤
የሞዴል ሃያ ሁለትን አራተኛ ቅጂ ጨምድጄ
ከአፍንጫው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ጎማ እንደሚጠቀጠቅ።
"ቦንሳ" ብሎ ፈረመ፣
እንደ ደብተር ርዕስ ከሥሩ አስምሮ።

መንግሥት በተለወጠ በሰባተኛው ሳምንት
ፍራንኮ፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ አንድ ረጅም ሰው ቆመ፤
በባዶ እግሩ፣ ጫማውን በክሩ አንጠልጥሎ።
"ልመልስ መጣሁ። ፊርማዬ አለ።"
መስቀለኛዋ ስፌት አለች።
"ወረቀቱስ?"
"ካወጣሁት ሁለት ዓመቴ፤ ልኬ ሆኗል።"

ስለ ጉደታ ጠየቅኩት፣ በመኪናው በኩል ዞሬ።
"ቁልቁለት ሥር አየሁት" አለ፣ "ራዲያተሩን ሲፈቱት።"
ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም፤
ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የለኝም።
ግምጃ ቤቱን የተረከበው ነፋስ ነው።
"አጥልቀው" አልኩት፤ "ሂሳቡ አይዘጋም።"
ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ክሩን ሲያስር
አንዱን ጫፍ በጥርሱ ያዘ፣
ብሎን እንደሚይዝ ሰው።